በ24 የተካፈለ አውሮፕላን፦ ከሰከላ እስከ ጨራ ጨራ

ኅዳር 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር

ሥራው ይህ ነው። በ1933 ዓ.ም. የአርበኞችና የጣሊያን ጦርነት ጊዜ ከሱዳን ወደ እኛ አገር ይበሩ ከነበሩት የእንግሊዝ የጦር አውሮፕላኖች ሁለቱን መርጬ፣ እያንዳንዱን ልክ በ24 አካፍዬ በቀርከሃና በእንጨት እሠራለሁ። ከዚያ ተሸክሜያቸው ከሰከላ ጀምሮ ውኃውን እየተከተልኩ እወርዳለሁ። ግልገል ዓባይ ከሰከላ ይነሣል፤ የኮጋን ወንዝ ተቀብሎ ጣና ይገባል፤ የጣና ውኃ ደግሞ በጨራ ጨራ ግድብ በሮች በኩል ወደ ዓባይ ይወጣል። በዚህ መስመር ላይ አውሮፕላኖቹን እያስቆምኩና እያንጠለጠልኩ ፎቶግራፍ አነሣለሁ። በኮምፒውተር ቆርጦ መለጠፍ የለም፤ አውሮፕላኑም አገሩም በአንድ ሌንስ፣ በአንድ ፀሐይ፣ በአንድ ቅጽበት ይነሣሉ።

የመጀመሪያው ቪከርስ ቪንሰንት ነው፤ ባለ ድርብ ክንፍ፣ ባለ አንድ ሞተር፣ ሦስት ሰዎች ፊታቸውን ለነፋስ ሰጥተው የሚቀመጡበት። ሁለተኛው ቪከርስ ዌልስሊ ነው፤ ክንፉ ረጅምና ቀጭን የሆነ ቦምብ ጣይ። ዌልስሊን የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት ሄጄ ላነሣው የማልችል መሆኑ ነው። ከ170 የሚበልጡ ተሠርተው ለሙዚየም የተረፈ ሙሉ አካል የለም። የሌለን አውሮፕላን ፎቶ ለማንሣት ደግሞ መሥራት ግድ ነው።

ለምን 24? የዌልስሊ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 22.7 ሜትር ነው፤ በ24 ሲካፈል 95 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ በሚኒባስ የኋላ መቀመጫ ላይ ይተኛል። ሞዴል ሠሪዎች የሚወዱት በ72 መካፈል ነው፤ እንዲያ ብሠራ ክንፉ 32 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆንና ቀርከሃው እንደ ክር መሳሳት አለበት። ከዚያም በላይ ሌንሱን ከመሬት ሁለት ሴንቲ ሜትር ላይ ማስቀመጥ ይኖርብኛል፤ የእኔ ካሜራ እዚያ አይገባም። ይህን ስሌት ግቢዬ ውስጥ ስሞክረው እመለስበታለሁ።

ኅዳር 15፣ እንጅባራ

ቀርከሃ ለመግዛት። አዊ ደጋው ላይ ቀርከሃ የጓሮ ተክል ነው፤ አጥሩም፣ ወንበሩም፣ አልጋውም ከእሱ ነው። ገበያው ዳር ከሚሠሩት ሽማግሌዎች አንዱን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አነጋገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ከሁለት ሚሊ ሜትር የሳሳ ስንጣቂ ይገኛል?»

«ይገኛል። ግን ምን ያደርግልሃል? እህል አይዝ፣ ሰው አያስቀምጥ።»

«አውሮፕላን ልሠራበት ነው።»

አልሳቁም። እጃቸው ላይ የነበረውን ቀርከሃ አስቀምጠው ሌላ አነሡ። «እንግዲያው የሦስት ዓመቱን ውሰድ። የዘንድሮው ለጋ ነው፤ ሲደርቅ ይኮማተርና የሠራኸውን ሁሉ ያጣምምብሃል። ስትሰነጥቀው ደግሞ የጀርባውን ገጽ ወደ ውጭ አድርገው፤ ጉልበቱ እዚያ ነው።»

ስንጣቂውን ሲያወጡ አየሁ። ቢላዋውን አይገፉትም፤ ቢላዋውን አስቁመው ቀርከሃውን ነው የሚስቡት። ውፍረቱን የሚለኩት በአውራ ጣታቸው ነው። እኔ ቤት ሄጄ በመለኪያ ስለካው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘሁት። የጠየቁኝን ዋጋ ሳልከራከር ሰጠሁ።

ኅዳር 28፣ ባሕር ዳር

የዌልስሊ ክንፍ። ይህ አውሮፕላን ለቀርከሃ የተፈጠረ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ንድፉን ያወጣው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ባርንስ ዋሊስ ነው። የአውሮፕላኑን አካል በወፍራም ምሰሶና በቆርቆሮ ቆዳ ፈንታ እርስ በርሳቸው በሰያፍ በሚሻገሩ ቀጫጭን የአሉሚኒየም ቅይጥ አጥንቶች ሠራው፤ በላዩ ላይ ጨርቅ ወጠረበት። ክንፉ በነፋስ ሊጠመዘዝ ሲል በአንዱ አቅጣጫ የሄዱት አጥንቶች ይጨመቃሉ፤ በሌላው አቅጣጫ የሄዱት ይወጠራሉ፤ በሚሻገሩበት ቦታ ስለተያያዙ አንዱ የሌላውን ጫና ያጣፋዋል። ውጤቱ ቀላልና ጠንካራ፣ ረጅም ርቀት የሚበር ክንፍ ሆነ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1938 ለዚህ ከተዘጋጁት ዌልስሊዎች ሁለቱ ከግብፅ ኢስማኢሊያ ተነሥተው ሳያርፉ አውስትራሊያ ዳርዊን ገቡ፤ 11,520 ኪሎ ሜትር። በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ነበር።

ይህ በወረቀት ላይ ነው። በእጅ ሲሠራ ምን ይመስላል? ስንጣቂዎቹን ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳደርኳቸው። ጠዋት በሻማ ነበልባል አጠገብ እያሳለፍኩ በእንጨት ቅርጽ ላይ አጎበጥኳቸው። መጀመሪያ ወደ ቀኝ የሚሄዱትን ብቻ አስሬ ሳነሣው ክንፉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጠመዘዛል። ወደ ግራ የሚሄዱትን ጨምሬ መሻገሪያዎቹን በኮላና በክር ሳስር፣ ያው ክብደት ያለው ነገር በሁለት እጄ ልጠመዝዘው ብል እምቢ አለ። ስለ ዋሊስ ብዙ አንብቤያለሁ፤ የገባኝ ግን ዛሬ በእጄ መዳፍ ነው።

አንድ ነገር ሥራውን እየሠራሁ አእምሮዬ ውስጥ ይመላለሳል። ይኸው ሰው ነው በኋላ ውኃ ላይ እየነጠረ ሄዶ ግድብ የሚያፈርሰውን ቦምብ የፈጠረው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1943 በዚያ ቦምብ በጀርመን የሞነና የኤደር ግድቦች ፈረሱ። እኔ ደግሞ የእሱን አውሮፕላን ወስጄ ኮጋ ግድብ ላይ ላንጠለጥል ነው። ዌልስሊ ያን ቦምብ ተሸክሞ አያውቅም፤ የእሱ ቦምቦች ከክንፎቹ ሥር በተንጠለጠሉ ሁለት ረጃጅም ቀፎዎች ውስጥ ነበሩ። ቢሆንም መሐንዲሱ አንድ ነው።

ታኅሣሥ 6

ሞተር። ሁለቱም አውሮፕላኖች ብሪስቶል ፔጋሰስ የተባለውን ዘጠኝ ሲሊንደር ያለው ክብ ሞተር ነው የተሸከሙት፤ ዓይነቱ ብቻ ይለያያል። ሲሊንደሮቹን ከእርሳስ ቁራጭ ሠራሁ። በእያንዳንዱ ላይ ጥቁር ክር ጥቅጥቅ አድርጌ ስጠመጥም የማቀዝቀዣ ቅጠሎቹን ይመስላል። የቪንሰንትን ሁለት ክንፎች የሚያያይዙት ሽቦዎች ከብስክሌት የፍሬን ሽቦ የወጡ ናቸው። ሽቦውን ስትተረትረው የሚወጣው አንድ ዘለላ በ24 ሲባዛ አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ለእውነተኛው የቀረበ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ያረጀ የፍሬን ሽቦ በነፃ ነው የሚሰጡህ። ጎማዎቹ የጀሪካን ክዳን ናቸው።

ልባሱ ስስ ወረቀት፣ በላዩ ቬርኒሽ፣ በላዩ ቡናማና አረንጓዴ ዥንጉርጉር ቀለም። የዌልስሊን ግራ ክንፍ አንድ በኩል ሳልቀባ ተውኩት፤ ብርሃን ሲያልፍበት አጥንቱ እንዲታይ። ለታሪክ ትክክል አይደለም፤ ለዓይን ግን ያን ሁሉ ቋጠሮ መሸፈን ግፍ ነው።

ታኅሣሥ 13፣ ግቢ ውስጥ

የሌንስ ስሌት። እዚህ ላይ ጊዜ ላጠፋ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሞዴል ፎቶ «አሻንጉሊት መሰለብኝ» ብሎ ሲያማርር ጥፋቱን ሞዴሉ ላይ ነው የሚፈልገው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ካሜራው የቆመበት ከፍታ ነው።

ሜዳ ላይ ቆሞ አውሮፕላን የሚያይ ሰው ዓይኑ ከመሬት 1.6 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በ24 ሲካፈል 6.7 ሴንቲ ሜትር። ስለዚህ የሌንሱ መሐል ከመሬት 6.7 ሴንቲ ሜትር ላይ መሆን አለበት፤ ካሜራው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ከሥሩ ቀጭን መጽሐፍ ቢጤ ሲገባለት ልኩ ይመጣል። ሌንሱ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆን ተመልካቹ አምስት ሜትር ከፍታ ላይ የቆመ ይመስላል፤ የቤት ጣሪያ ላይ የወጣ ማለት ነው። አንድ ሜትር ላይ ቢሆን ደግሞ ከ24 ሜትር ከፍታ ቁልቁል እያየን ነው፤ ያኔ አውሮፕላኑ ወደ አሻንጉሊትነት ይመለሳል።

ርቀት። ሞዴሉን ከሌንሱ 1.5 ሜትር ላይ ሳስቀምጠው 36 ሜትር ርቆ የቆመ እውነተኛ አውሮፕላን ያህል ሆኖ ይታያል። ችግሩ ሞዴሉም ከጀርባው ያለው ተራራም እኩል ጥርት ብለው መውጣታቸው ነው። በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ፣ 11 ላይ አድርጌ ፎከሱን 1.75 ሜትር ላይ ሳስር፣ ከ90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል። አውቶማቲክ ፎከስ መጥፋት አለበት፤ አለዚያ ካሜራው በየጊዜው ተራራውን ይመርጣል።

የመሬቱ ነገር ደግሞ አለ። ሁለት ሴንቲ ሜትር የሆነች ጠጠር በፎቶው ውስጥ ግማሽ ሜትር ድንጋይ ናት። አምስት ሴንቲ ሜትር ሣር የሰው ደረት ይደርሳል። ግቢዬ ውስጥ አፈር በወንፊት ነፍቼ አነጠፍኩ፤ ይሠራል። ግን ወንፊትና የአፈር ጆንያ ተሸክሜ ሰከላ አልወጣም። ልስልስ ያለ፣ ደረቅ፣ የተጠረገ መሬት ገበሬው ዘንድ አለ፤ አውድማ! አሁን ደግሞ የመውቂያው ወቅት ነው።

ታኅሣሥ 22፣ ሰከላ

ቪንሰንት ወደዚህ የመጣበት ምክንያት አለ። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ተልእኮ 101 የሚባለውን ቡድን ይዞ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ጎጃም ገብቶ ከአርበኞች ጋር ይሠራ ነበር። ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ሌላው የእንግሊዝ መኮንን ኦርድ ዊንጌት ሳንድፎርድን ለማግኘት በአውሮፕላን ሰከላ መጣ። ከጣሊያን ይዞታ በስተጀርባ፣ ደጋ ላይ፣ አየሩ በሳሳበት ቦታ ማረፍና መነሣት ማለት ነው፤ አየር ሲሳሳ ክንፍም ሞተርም ጉልበት ያጣሉ፤ ለመነሣት የሚያስፈልገው ሜዳም ይረዝማል። ከሁለት ወር በኋላ፣ ጥር 12፣ ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው ገቡ፤ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ደረሱ። ሳንድፎርድም ዊንጌትም ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ትምህርት ቤት አላቸው፤ ሰከላ ላይ ግን ስለዚያ ቀን የሚያስታውስ ምልክት አላገኘሁም።

አውድማ ፍለጋ። የፈለግሁት ዝም ብሎ አውድማ አይደለም፤ ከእርከን ጫፍ ላይ ያለ፣ ከበታቹ ያለው ማሳ አንድ የሰው ቁመት ያህል ዝቅ ያለ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ከአውሮፕላኑ ጎን ሰው እንዲቆም ብፈልግ፣ ሰውየው በእውነት ሞዴሉ አጠገብ ቢቆም ፎቶው ውስጥ ጉልበቱ ብቻ ነው የሚገባው። ልኩ እንዲመጣ 36 ሜትር ርቆ መቆም አለበት። እግሩም ከአውሮፕላኑ ጎማ ጋር በአንድ መሬት ላይ የቆመ እንዲመስል፣ የቆመበት መሬት ከሌንሱ 1.6 ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ይህ ሁሉ ያላቸውን አንድ አባት ማሳ ላይ አገኘሁ። ገብሳቸው ተወቅቶ ገብቷል።

«አባቴ፣ አውድማዎን ለጠዋት ያውሱኛል?»

«ለምን?»

ቪንሰንቱን ከከረጢቱ አወጣሁላቸው። ዙሪያውን አዩት፤ ፕሮፔለሩን በጣታቸው አሽከረከሩት። «እህሉ ስለገባ ግዴለም። ጫማህን ግን አውልቅ፤ አውድማ ላይ በጫማ አይወጣም።»

አወለቅሁ። እበቱ የተለቀለቀበት መሬት ሲደርቅ የሚያወጣው ስንጥቅ ከአንድ ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ በፎቶው ውስጥ ከሩቅ የሚታይ ደረቅ ሜዳ ይመስላል። የገለባ ስብርባሪውን የቤቱ ልጆች በመጥረጊያ አነሡልኝ፤ አንዷ ገለባ የአጥር እንጨት ስለምታህል አንድም መቅረት የለባትም። ከዚያ ልጆቹን ወደ ታችኛው ማሳ ላክኋቸው። እኔ በደረቴ ተኝቼ «ወደ ቀኝ! አንተ ባለ ጋቢው፣ ወደ ኋላ!» እያልኩ እጮኻለሁ፤ እነሱ ከ36 ሜትር ርቀት ምንም የሌለበትን አየር እንደ አውሮፕላን ክንፍ ይዘው ይቆማሉ። በመመልከቻው ውስጥ ባለ ጋቢው ልጅ የቪንሰንትን ክንፍ ተደግፎ ቆሟል።

ብርሃኑ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ነው የሚጠቅመኝ። ፀሐይዋ አንድ ስለሆነች የሞዴሉ ጥላና የልጆቹ ጥላ በአንድ አቅጣጫ ይወድቃሉ፤ ቆርጦ የሚለጥፍ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው በዚህ ነው። ባሕር ዛፎቹ ከጀርባ ገና ጉም ውስጥ ነበሩ፤ ያ ደግሞ ርቀትን ያሰፋል።

ወደ ግሼ ዓባይ ጠበል ሄጄ ነበር፤ ካሜራም አውሮፕላንም ሳልይዝ። የጦር አውሮፕላን ሞዴል ጠበል ዳር ተሸክሞ መቆም አስፈላጊ መስሎ አልታየኝም።

ጥር 5፣ ባሕር ዳር

የሰከላውን ፎቶ በስልክ ለጥቂት ወዳጆች ልኬ ነበር። ዛሬ አንድ የማላውቀው ሰው ያንኑ ፎቶ መልሶ ላከልኝ፤ ቀለሙ ወደ ጥቁርና ነጭ ተቀይሯል፣ ዳርና ዳሩ ተሸርሽሯል፣ ከሥሩ «በ1933 ዓ.ም. ሰከላ ያረፈው የእንግሊዝ አውሮፕላንና የአካባቢው ልጆች» ይላል። ባለ ጋቢው ልጅ ሰማንያ ዓመት አርጅቷል ማለት ነው። ከአንዱ ልጅ እግር ላይ ያለው የፕላስቲክ ጫማ ማንንም አላሳሰበም።

ደስ አላለኝም። መኩራት የሚገባኝ ይመስለኝ ነበር፤ ሥራው ተሳክቷል ማለት ነውና። ግን ነገ አንድ ተማሪ ይህን ፎቶ እንደ ማስረጃ ይዞ ይቀርባል።

ጥር 17፣ መርዓዊ፣ ኮጋ

ለኮጋ የፈቃድ ደብዳቤ ይዣለሁ፤ ማኅተም ያለው። የእህቴ ልጅ ረዳት ሆኖ መጥቷል። በሩ ላይ ጥበቃው ዌልስሊውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ይህ ድሮን ነው?»

«አይደለም፤ ሞተር የለውም። ይያዙት።»

በአንድ እጁ አነሣው፤ ወደ ፀሐይ አዞረው፤ ባልተቀባው ክንፍ በኩል አጥንቱን አየ። «ይህማ ቅርጫት ነው!» አለና ደብዳቤውን ሳያነብ መለሰልኝ። ዋሊስ ቢሰማው የሚቃወም አይመስለኝም።

ኮጋ ግድቡ ራሱ ፎቶ የሚወድ ግድብ አይደለም። የኮንክሪት ግንብ፣ የሚያጓራ ፏፏቴ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። 21 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ በረጅሙ የተዘረጋ የአፈር ክምር ነው፤ ከሐይቁ ጎን ድንጋይ ተነጥፎበታል፣ ከውጭው ጎን ሣር ለብሷል። ከሩቅ ቢታይ የተፈጥሮ ጉብታ ነው። የሚያስደንቀው ከበስተጀርባው ያለው ነው፤ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ፣ ለ7,000 ሄክታር መስኖ የታሰበ። ውኃው በዋናው ቦይ ይወጣና ማሳዎቹ መሐል በተቆፈሩ 12 የሌሊት ማጠራቀሚያ ኩሬዎች ይገባል፤ ገበሬው ሌሊት ስለማያጠጣ የሌሊቱ ፍሰት እዚያ ተጠራቅሞ ቀን ይወጣል። ስለዚህ ግድቡን በአንድ ፎቶ ማሳየት አይቻልም፤ ሐይቁን በአንዱ፣ በጥር ወር አረንጓዴ የሆነውን ስንዴ በሌላው። ብዙ ጎብኚ ሐይቁን ብቻ አንሥቶ ይመለሳል፤ ለእኔ ግን ኮጋ ማለት ስንዴው ነው።

አውሮፕላኑን ማብረር። ከግድቡ ጫፍ ላይ የእህቴ ልጅ ረጅም ቀርከሃ ዘርግቶ ዌልስሊውን በዓሣ ማጥመጃ ክር አንጠልጥሎታል፤ ሁለት ክር ለክንፎቹ፣ አንድ ለጅራቱ። የጅራቱ ክር ከሌለ ነፋሱ አፍንጫውን ያዞረዋል። እዚህ የመሬቱ ችግር የለም፤ ሐይቁ ሩቅ ነው፣ ሞገዱም የራሱ ልክ አለው። ሞዴሉ ሁለት ሜትር ላይ ሲሆን 48 ሜትር ርቆ የሚበር ይመስላል። ክሩ ሰማይ ላይ ይታያል፤ ውኃው ላይ ግን ይጠፋል። ስለዚህ አውሮፕላኑን ከአድማስ በታች ዝቅ አድርጌ ውኃው እንዲሸፍነው አደረግሁ።

ፕሮፔለሩ። ቆሞ ከታየ አውሮፕላኑ እየወደቀ ነው ማለት ነው። ሞተር ልገጥምለት አስቤ ነበር፤ ነፋሱ ከበቂ በላይ ሆነ። ፖላራይዘር ማጣሪያውን ስገጥም የውኃው ነጸብራቅ ቀነሰ፤ ብርሃኑም ስለቀነሰ የሹተሩን ፍጥነት ወደ አንድ ስልሳኛ ሰከንድ ማውረድ ቻልኩ። በዚህ ፍጥነት ነፋሱ የሚያሽከረክረው ፕሮፔለር ክብ ጭጋግ ይሆናል። ሆኖም አውሮፕላኑ ራሱ ከተወዛወዘ እሱም ይደበዝዛል። ጠዋት ነፋሱ ለፕሮፔለሩ ብቻ የሚበቃ ነው፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ሁሉንም ያናውጣል፤ ያን ጊዜ ቀርከሃውን ሰብስበን ቁርስ በላን።

አንድ ጊዜ ዳክዬዎች ከአውሮፕላኑ ጎን ለጎን አለፉ። ወደ ሃምሳ ሜትር ርቀት ላይ ስለነበሩ ልካቸው ከአውሮፕላኑ ጋር ገጠመ። ይህን የሚያህል ነገር ለምነህ አታገኘውም።

ጥር 25

ታሪክ የሚያስተምር ወዳጄ መጥቶ ፎቶዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ተከራከርን። የኮጋውን አንሥቶ፣ «ይህ ውሸት ነው። በ1933 ኮጋ ላይ ግድብ የለም፤ ሐይቅም የለም። ዌልስሊ የሚመታው እንደ ዳንግላ ያሉ የጣሊያን ምሽጎችን ነበር እንጂ ሐይቅ ላይ አይዝናናም» አለ። የሰከላውን ግን ወደደው፤ ቦታው ትክክል፣ አውሮፕላኑ ትክክል፣ ወቅቱ እንኳ የቀረበ።

እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። የኮጋውን ፎቶ የሚያይ ጎጃሜ ሁሉ ግድቡ የቅርብ ጊዜ ሥራ መሆኑን ያውቃል፤ ስለዚህ ማንም አይታለልም፤ የእኔ ሐሳብ መሆኑ ከሩቅ ይታያል። የሚያታልለው ያ ትክክለኛው ነው። አውሮፕላኑ፣ አገሩ፣ ልጆቹ፣ ጥላው ሁሉ ልክ ሲሆን ፎቶው የሌለ ሰነድ ይሆናል። በዚህ ሥራ ውስጥ ልክ መሆን እየጨመረ ሲሄድ ኃላፊነቱም ይጨምራል። ወዳጄ «እንግዲያው ከሥሩ ጻፍበት» አለ። ጽሑፍ ይቆረጣል፤ ጥር 5 ላይ አይቼዋለሁ። ምልክቱ ሊቆረጥ በማይችል ቦታ፣ በፎቶው መሐል መሆን አለበት።

በዚህ አልተስማማንም። እሱ ፎቶው ይበላሻል ይላል።

የካቲት 2፣ እንደገና ሰከላ

ያው አውድማ፣ ያው ብርሃን ባይሆንም። ልጆቹን እንደ መጀመሪያው ወደ ታችኛው ማሳ ላክሁ። አንዷን ልጅ ግን እዚሁ አስቀረኋት፤ ከሞዴሉ አጠገብ ባዶ እግሯን አቁማ እጇን የቪንሰንት ጅራት ላይ እንድትጭን። በፎቶው ውስጥ አውሮፕላኑ አለ፣ ክንፉን የተደገፉ ልጆች አሉ፤ ከጅራቱ አጠገብ ደግሞ አውሮፕላኑን የሚያህል አንድ ግዙፍ እግርና ከላይ የወረደ እጅ። ማታለያው በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ነው፤ እዚያው ላይ ተጋልጧል። ከመጀመሪያው ይልቅ ይህን ነው የማትመው። ልጅቷ በመመልከቻው አይታው እስክትንተከተክ ሳቀች፤ ከዚያ ሌሎቹ ሁሉ ግዙፍ ካልሆንን አሉ፤ ጠዋቱ በዚሁ አለቀ።

የካቲት 8፣ ጨራ ጨራ

ወደ መውጫው ተጠግቶ ማንሣት አልተፈቀደልኝም፤ ስለዚህ በታንኳ ከሐይቁ በኩል፣ ከሩቅ፣ በረጅም ሌንስ። ባለ ታንኳው ጉማሬዎቹ የሚውሉበትን ስለሚያውቅ የት እንደምንቆም የወሰነው እሱ ነው።

አውሮፕላን አላወጣሁም። ጨራ ጨራ ዝቅ ያለ ግንብ ነው፤ ሰባት በሮች፤ ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1996፣ አምስቱ በ2001 ሥራ የጀመሩ። ሲያዩት ግድብ አይመስልም፤ ግን የአገሪቱን ትልቁን ሐይቅ የሚቆጣጠረው እሱ ነው። የጣና ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ በ1,784 እና በ1,787 ሜትር መካከል እንዲዋዥቅ ተደርጎ የታቀደ ነው፤ በእነዚህ ሦስት ሜትሮች መካከል ያለው ውኃ ዘጠኝ ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ክረምቱ ሊገባ ሲል ሐይቁ እጅግ ወርዶ ጀልባዎች ተቸግረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ሥራ ሲጀምር፣ ውኃው ከሐይቁ ምዕራብ በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ወደ በለስ መሄድ ጀመረ። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ላይ ቆሞ «ውኃው የት ሄደ?» ለሚል ሰው መልሱ በእነዚህ በሮችና በዚያ ዋሻ ውስጥ ነው።

የዚህ ፎቶ ጉዳይ በሮቹ ናቸው፤ የትኛው እንደተከፈተ፣ ከሥሩ አረፋ እንዳለ። ከላዩ ዌልስሊ ባንጠለጥል ሰው ሁሉ ዌልስሊውን ያያል። የምሥልን ጌጥ መቼ ማንሣት እንዳለብህ መወሰን ከመሥራቱ ይከብዳል፤ በተለይ ለክንፉ ቋጠሮ ዓይንህን ካደከምክ በኋላ።

የካቲት 17

ሕትመቱ ወጣ። የሰከላው ከግዙፉ እግር ጋር፣ የኮጋው ከዳክዬዎቹ ጋር፣ ስንዴው፣ ጨራ ጨራ። ወዳጄ የሰከላውን አንድ ቅጂ ለክፍሉ ወሰደ፤ አሁንም እግሩ ያበላሸዋል ይላል፤ ተማሪዎቹ ግን መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ እግሩ እንደሚሆን አውቃለሁ።

የሚቀጥለው የጣሊያን ካፕሮኒ 133 ነው፤ ባለ ሦስት ሞተር፣ ክንፉ 21 ሜትር ከሩብ ገደማ፣ በ24 ሲካፈል 88 ሴንቲ ሜትር ተኩል። እሱን አላበረውም። በ1928ቱ ወረራ ሕዝብ ላይ ቦምብ ሲያዘንቡ ከነበሩት ዓይነቶች አንዱ ስለሆነ፣ በሚያምር ሐይቅ ላይ በሚያምር ብርሃን አንጠልጥዬ ማሳመር አልፈልግም፤ መሬት ላይ ቆሞ፣ በቀትር ፀሐይ ይነሣል። እንጅባራ ላሉት ሽማግሌ የሦስት ዓመት ቀርከሃ እንዲያስቀምጡልኝ መልእክት ልኬያለሁ። ሦስት ሞተር፣ በእያንዳንዱ ሰባት ሲሊንደር፣ 21 የእርሳስ ቁራጭ ይፈልጋል፤ የእህቴ ልጅ ከክፍል ጓደኞቹ እየሰበሰበ ነው።